ሀብትነሽ ብራዚል ልትሄድ ነው

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትራክተሮች የጥገና መዝገብ ነበር። ፊተኛው ገጽ ላይ ስለ ዘይት ፊልትሮ የጻፍኩት ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። ዛሬ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም፤ ዝም ማለትም አልሆነልኝም።

ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ትራክተር ሥር ተኝቼ ሳለሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ቢሻው መጡ።

"ቢያድግልኝ! ውጣ እስቲ፣ እንኳን ደስ ያለህ!"

"ምን ተገኘ ጋሼ?"

"ሚስትህ ብራዚል ልትሄድ ነዋ! ከዞናችን የተመረጠ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሰሊጥ በማሽን ስለማጨድ ስድስት ሳምንት ሊያሠለጥኗቸው ነው። በሰኔ።"

ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ግራሶ ስለነበረ ድምፁ አልወጣም።

ሰሊጥ በማሽን ማጨድ! እዚህ ኮኪት ላይ ይህን ነገር ማን ጀመረው? ሰዉ በማጭድ ወገቡን ሲቀጭ፣ ሰሊጡም ከነዶው ሲራገፍ እያየሁ፣ ከአሮጌ ባጃጅ ሞተርና ከባሌስትራ ብረት ማጨጃ የሠራሁ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሀብትነሽ የወረዳው ግብርና የሰብል ባለሙያ ናት። ዘር ታውቃለች፣ ተባይ ታውቃለች። ቁልፍ አሥራ ሦስትን ከአሥራ አራት ግን አትለይም።

ደስ ብሎኛል። ለቤታችን ክብር ነው።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለማመልከቻ የጻፈችውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ነው። ፊተኛው ገጽ ላይ ፎቶ አለ። የእኔ ማጨጃ፤ አጠገቡ እሷ፤ እጇን መሪው ላይ አድርጋ። ከላይ በትልቁ የእሷ ስም።

ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥኩም። አንዱ በቃኝ።

ስትገባ ወረቀቱን ወደ ቦታው ስመልስ አየችኝ። "ቢያድግ፣ ስለሱ አንድ ነገር ልነግርህ እያሰብኩ . . ." ስትል፣

"ሁለተኛው ተጓዥ ማን ነው?" አልኳት።

"ጋሽ ኪዳን ይባላሉ። ሽንፋ የአንድ ባለሀብት እርሻ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ጥሩ ሰው ናቸው" አለችና ልጃችንን መሠረትን ልታጥብ ወጣች።

ጥሩ ሰው። ማታ ተመልሼ ስሰግድ ሁሉ ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። በግ አረድን፤ ጎረቤት ሁሉ ለእሷ መረቀ። "እንደ ወጣሽ አትቅሪ" አሏት እማማ ካሰች፣ አጥር ተጋሪያችን። ሁሉም ሳቀ። እኔ ምን ያስቃል አልኩ በሆዴ።

መሠረት ከትምህርት ቤት ካርታ ተውሳ መጣች። ወለሉ ላይ ዘርግተን ብራዚልን ፈለግን። መፈለግም አያሻም፤ ግድግዳ የሚያህል አገር ነው። ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ይውጣል አለች ሀብትነሽ። በጣቷ ከአዲስ አበባ ተነሥታ ባሕሩን ተሻገረችና "ሳኦ ፓውሎ" አለች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ "ማቶ ግሮሶ። ሰሊጡ እዚህ ነው" አለች። የአገሩን ስም ስትጠራ አፏ ላይ የቆየ ይመስላል።

ደግሞ ለካ ፓስፖርት አላት! ጎንደር ለስብሰባ በሄደች ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ያወጣችው። "ነግሬህ ነበር እኮ፤ አንተ ስለ ፍሪሲዮን እያወራህ ነበር" አለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ወዴት ልትሄድ አስባ ነው?

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሙቀቱ አርባ ሦስት ገብቷል። ብረት በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ከሣርና ከእንጨት በሠራነው ዳስ፣ በራኩባው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ኪዳን የሚሉት ሰውዬ ደወለ። በረንዳ ላይ ሆና አሥራ አራት ደቂቃ አወራች። ሦስት ጊዜ ሳቀች። ሁለተኛው ሳቅ ረጅም ነበር። "አዎ ጋሼ . . . እሺ ይላኩልኝ . . . አንቱ ደግሞ!" ስትል ሰማኋት።

አንቱ ትለዋለች። በእኔ ፊት። ሌላ ጊዜ ምን እንደምትለው በምን አውቃለሁ?

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ተቋረጠ። ስወጣ ከኋላዬ አንዱ "ሚስት በአውሮፕላን፣ ባል በትራክተር" ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ ብስቅ ይሻል ነበር። አልሳቅሁም።

ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ጉዞ ነው። እዚያ ሰኔ በጋ ነው አሉ፤ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል። የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ በሶና ሽሮ ልትይዝ ነው፤ የዚያ አገር ሰው ሥጋ ይወዳል አሉ። በስልኳ ቋንቋቸውን ትማራለች። አመሰግናለሁ ለማለት ሴት ከሆነች "ኦብሪጋዳ"፣ ወንድ ከሆነ "ኦብሪጋዶ" ነው። መሠረት ውሃ ባቀበልኳት ቁጥር ኦብሪጋዳ ትለኛለች።

ለማንም የማልናገረው አለ። ጋራዡ ባዶ ሲሆን እኔም በስልኬ እየከፈትኩ እለማመዳለሁ። ኦብሪጋዶ። ቦን ዲያ፣ እንደምን አደራችሁ። ለማን እንደምለው እንጃ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ተጣላን። ሱሪና ሁለት ሸሚዝ ገዝታ መጣች፤ አንዱ ቀይ ነው።

"ቀዩ ለማን ነው?" አልኳት።

"እንዴት ለማን ነው? ለእኔ።"

"ማሳ ለማየት ቀይ ሸሚዝ?"

ትክ ብላ አየችኝ። "አንተ ሰው፣ ምን ሁነህ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር ስለ ልብሴ ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

እውነቷን ነው። ጠይቄ አላውቅም። ቀይ እንደሚያምርባትም ነግሬያት አላውቅም። ያምርባታል።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ከአዘጋጆቹ ደብዳቤ መጣ። በረራው ሰኔ 14 ቅዳሜ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከበረራው አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱ የሌለው አይሳፈርም። ይህ ማለት ሰኔ 4 የመጨረሻው ቀን ነው። ክትባቱ ደግሞ ለእኛ የሚገኘው ጎንደር ነው።

ጎንደር! መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል። መኪና የሚያልፈው ተሰባስቦ በእጀባ ነው፤ መቼ እንደሚነሣ ሾፌር ካልሆነ የሚያውቅ የለም። ሾፌሮቹ ሁሉ ደግሞ የእኔ ደንበኞች ናቸው።

"መኪና ሲንቀሳቀስ ንገረኝ፤ የማምነው አንተን ነው" አለችኝ። ቀጠለችና "ሌላም ልነግርህ የምፈልገው አለ፤ ስለ ማመልከቻው . . ." አለች።

"ያ ኪዳን የሚሉት ክትባቱን የሚወስደው ካንቺ ጋር ነው?"

"ከእኔ ጋር ቢሄዱ ምን አለበት?"

ምንም የለበትም አልኩ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

የእርሻ ወቅት ደረሰ። ስድስት ትራክተር፣ ሁለት መካኒክ። ከደጋ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ መግባት ጀምረዋል፤ ዛፍ ጥላ ሁሉ የጎጃምና የወሎ ሰው ነው። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል።

መተኛት አልቻልኩም። አንድ ሥዕል ይመጣብኛል። ወሰን የሌለው ሰሊጥ፣ ቤት የሚያህል ማጨጃ፣ እሷ መሰላሉን ስትወጣ፣ አንድ ሰው ከታች እጇን ይዞ ሲደግፋት። የሰውየው ፊት አይታየኝም። ወጣት ነው።

ያንን ማጨጃ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢያስነኩኝ። ለአንድ ሰዓት!

ማለዳ ቁርስ ላይ "ዛሬስ ሳልነግርህ አልወጣም" ብላ ጀመረች። "ኪዳን ሚስት አለው?" አልኳት። እንጀራውን ሳትጨርስ ወደ ሥራ ሄደች።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ከትናንት ወዲህ ኔትወርክ የለም። ስልክ ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። ሀብትነሽ ሻንጣዋን በር አጠገብ አስቀምጣለች። ስገባ ስወጣ ያደናቅፈኛል።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ደሞዝ ጋራዥ መጣ። ከሰሊጥ ጫኝ ሾፌሮች ሁሉ የሚቀርበኝ እሱ ነው።

"ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንነሣለን። እጀባው ከገንደ ውሃ ይጠብቀናል። ለሀብትነሽ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዤላታለሁ፤ ነዳጅ ማደያው ጋ ትጠብቀኝ። እንዳትረሳ፣ ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚከፈት እንጃ።"

"እነግራታለሁ" አልኩት።

የዲናሞውን ገመድ ቀይሬለት ሄደ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ረሳሁት።

ትናንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሦስት ትራክተር ቆሞ። ረሳሁት።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ሰው ነኝ፤ እረሳለሁ። ደግሞም መንገዱ አደገኛ ነው። ያለ እናት የምትቀር ልጅ አለችን። ቀስቅሼ ሰድጃት አንድ ነገር ብትሆን ማን ነበር የሚጠየቀው? እኔ ነበርኩ። አምላክ ራሱ ያስረሳኝ ለበጎ ይሆናል።

ትናንት ማለዳ የመኪኖቹ ድምፅ ሲያልፍ ነቅቼ ነበር። አጠገቤ ተኝታ ነበረች። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ "ከሾፌሮቹ ምንም ወሬ የለም?" የለም አልኳት።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

አወቀች።

ደሞዝ ትናንት ከጎንደር ተመልሷል። ዛሬ ገበያ ላይ አግኝቷት "አንቺ ሴት፣ ቦታ ይዤልሽ ማደያው ጋ ሩብ ሰዓት አስጠበቅሽኝ እኮ!" አላት።

ጋራዥ መጣች። ሠራተኛ ፊት አልጮኸችም። ወደ ራኩባው ጥላ ጠራችኝና ቆመች።

"ደሞዝ ነግሮህ ነበር?"

"ነግሮኝ ነበር። ረሳሁት።"

"ረሳህ።"

"በሥራ ብዛት . . ."

"ከአምስት ዓመት በፊት የጋሽ ቢሻው ትራክተር ዘይት የተቀየረበትን ቀን የምታስታውስ ሰው ረሳህ።"

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሻሿን አስተካክላ በፀሐዩ ውስጥ ሄደች።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ሻንጣው የለም። ቤቱ ተጠርጓል፤ የመሠረት የትምህርት ቤት ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

እማማ ካሰች በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። "በደሞዝ መኪና ሄደች። ዛሬ ያለ እጀባ የወጡ አምስት መኪኖች ናቸው አሉ። ልጂቱን ለእኔ ሰጥታኛለች።"

"ለእኔ ምን ብላ ሄደች?"

"ምንም አላለችም፣ ልጄ።"

ቅዳሜን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ውለን አንዲት ቃል አልነገረችኝም። እኔስ ምን ነገርኳት?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ኔትወርክ መጣ። ስልኳ አይሠራም። የደሞዝም አይሠራም።

ከነጋዴ ባሕር ከተማ ወዲያ ተኩስ ነበር አሉ። መኪኖች ቆመዋል አሉ። አሉ ነው ሁሉም፤ አየሁ የሚል የለም።

አርባ ስምንት ጊዜ ደወልኩ።

በእጀባው ብትሄድ ኖሮ እስካሁን ተከትባ ጎንደር እህቷ ቤት ትቀመጥ ነበር። እጀባው በሰላም ነው የገባው። ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ፤ መልሼ አነሣሁት። ማክሰኞ በእጀባው ብትሄድ ኖሮ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

የማኅበሩን ሞተር ሳይክል ወስጄ ገንደ ውሃ መጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ከማላውቀው ቁጥር። እህቷ ናት፣ ከጎንደር። "ደርሳለች። ስልኳ ተሰብሮባት ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀር ከሰዎች ጋር አራት ሰዓት በእግሯ ሄዳ አይከል ገባች። ዛሬ ጠዋት ተከትባለች።" ልታነጋግረኝ ትችል እንደሆነ ጠየቅሁ። "ተኝታለች" አለችኝ። ከጀርባዋ የሀብትነሽን ድምፅ ሰማሁ።

መናኸሪያው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

አንድ ሽማግሌ ውሃ ይዘው መጡ። ጠጉራቸው ነጭ ነው፤ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። "አይዞህ፣ የኔ ልጅ። ሰው ጠፍቶብህ ነው?" አሉኝ።

"ተገኝታለች። ባለቤቴ ናት። ሀብትነሽ ትባላለች፤ ከኮኪት።"

ውሃው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። "ሀብትነሽ? ደረሰች? ተመስገን! አንተ ቢያድግልኝ ነሃ! ያን ማጨጃ የሠራኸው! እኔ ኪዳን ነኝ፣ ከሽንፋ።"

የኪዳንን ፊት አየሁ። ዕድሜያቸው ስድሳ ይጠጋል። ሦስት የፊት ጥርስ የላቸውም።

ተቀመጡና አጫወቱኝ። ማክሰኞ ለት እጀባው ሲነሣ መኪናው ላይ ወጥተው ነበር። ሀብትነሽ ስትቀር "ልጂቱ ታማ ይሆናል፣ ብቻዬን ሄጄ ምን እሠራለሁ" ብለው ወረዱ። ስልክ አልነበረምና ማንንም መጠየቅ አልቻሉም። እሑድ ደግሞ በደሞዝ ጋቢና ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ በሌላ እደርሳለሁ" ብለው ለእሷ ለቀቁላት። ከዚያ ወዲህ የሄደ መኪና የለም። ነገ ሰኔ 4 ነው። እሳቸው አልተከተቡም።

"ምን ይደረግ" አሉ፤ "ሳልታደል ቀረሁ።" ማንንም አልወቀሱም። ማንን እንደሚወቅሱ አያውቁማ! ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ሻይ ጋበዙኝ።

ከቦርሳቸው ያንን ወረቀት አወጡ። እሷ የሰጠቻቸው ነው። ሁለተኛውን ገጽ ገለጡልኝ። እንግሊዝኛ ባይገባኝም ስሜን ማንበብ አያቅተኝም። መጀመሪያው መሥመር ላይ ነው።

"ምን ይላል?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። "'ይህን ማጨጃ የፈለሰፈው ቢያድግልኝ ደረበ ነው። ለዚህ ሥልጠና የሚገባው እሱ ነበር፤ ዲግሪ ስለሌለው የማትቀበሉት ከሆነ ግን፣ የእሱን ጥያቄዎች ይዤ እኔ እሄዳለሁ' ይላል። እዚህ ጋ ደግሞ ጥያቄዎቹን ዘርዝራለች፤ አሥራ አንድ ናቸው።"

አንድ በአንድ ተረጎሙልኝ። ሁሉም የእኔ ናቸው። ማታ ማታ እጄን እየታጠብኩ ለራሴ የማጉረመርማቸው። ፍሬው ሳይራገፍ እንዴት ይቆረጣል? እርጥብ አገዳ ሲጠመጠም ምን ይደረጋል? እኔ የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

"አልነገረችህም?" አሉኝ ጋሽ ኪዳን።

"ጋሼ፣ ሞተር ላይ መቀመጥ ይችላሉ?" አልኳቸው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ። ጎንደር

ዛሬ እመለሳለሁ። ከመነሣቴ በፊት የትናንቱን ልጻፍ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከገንደ ውሃ ተነሣን። ጋሽ ኪዳንን በነጠላ ከወገቤ ጋር አሰርኳቸው፤ ሻንጣቸውን ነዳጅ ታንከሩ ላይ። ዳገቱን ስንይዝ ዳሌያቸው እያመማቸው ይቃትታሉ፤ ቆም እንበል ስላቸው "ንዳ፣ ንዳ" ይሉኛል። ነጋዴ ባሕርን አልፈን ኬላ ላይ አስቆሙን። ሞተር አያልፍም ተባልን። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። ጋሽ ኪዳን የክትባቱን ደብዳቤ ይዘው እያነከሱ ከአንዱ ወታደር ወደ ሌላው ሄዱ፤ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ቀለዱ። በመጨረሻ አንዱ "አባባ፣ ብራዚል ምን ሊሠሩ ነው በዚህ ዕድሜዎ?" አላቸው። "የማላውቀውን ለማየት" አሉት። ሳቀና ገመዱን ዝቅ አደረገው።

ያኔ ነው የነገርኳቸው። ሞተሩን ሳላስነሣ፣ ወደ ፊት እያየሁ። ደሞዝ ሰኞ እንደነገረኝ። አውቄ እንደተውኩት። ለምን እንደሆነም፤ በእሳቸው እንደቀናሁ ጭምር።

ነጠላው ወገቤ ላይ ላላ። የሚወርዱ መሰለኝ። "በእኔ?" አሉ። ከዚያ "ለእሷ ነግረሃታል?" አሉኝ።

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲያስ ንዳ።"

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጎንደር ክትባቱ የሚሰጥበት ቦታ ደረስን። ሊዘጉ ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር። ሀብትነሽ በር ላይ ቆማለች፤ ጋሽ ኪዳን ከመንገድ ደውለውላት ነው፣ በእህቷ ስልክ። ነጠላውን ስፈታ፣ እሳቸውን ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባች። እኔን አላየችኝም። በኋላ ወጥታ ደረጃው ላይ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ክንድሽ አመመሽ?"

"ትንሽ አብጧል። በሞተር ነው ያመጣሃቸው?"

"በሞተር።"

የፈታሁትን ነጠላ አጣጠፍኩ።

"ሀብቴ፣ አልረሳሁም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ደሞዝ ሰኞ ነው የነገረኝ። ማክሰኞ መኪናው ሲያልፍ ነቅቼ . . ."

"አውቃለሁ አልኩህ፣ ቢያድግ። ያወቅሁት ደሞዝ የነገረኝ ለት ነው። ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው አንተ እስክትነግረኝ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ጠበቅሁ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስትሄድ አየሁህና መጠበቄን ተውኩ።"

"ሁለተኛውን ገጽ ለምን አላሳየሽኝም?"

"ሦስት ጊዜ ልነግርህ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜም ስለ ጋሽ ኪዳን ጠየቅኸኝ።"

ይቅርታ አልኳት። "ሰምቻለሁ" አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "በእግሬ ስሄድ ተኩስ ይሰማ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከፊቴ ትሮጣለች። ስለ ብራዚል አላሰብኩም። መሠረትን አሰብኩ፤ ከሷ ቀጥሎ ደግሞ፣ ይህን ያደረገኝ የማምነው ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ስመለስ መጀመሪያ የማርፈው እዚሁ እህቴ ዘንድ ነው። ልጄን ታመጣልኛለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።"

"እሺ" አልኳት።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከጋሽ ኪዳን ጋር በረረች። ከአዲስ አበባ ደውላ ያነጋገረችው መሠረትን ነው። መሠረት ስልኩን ስትሰጠኝ ተዘግቶ ነበር።

ዝናቡ ገብቷል። ጥቁሩ አፈር ጎማ ይውጣል። ቀኑን ሙሉ አረስን። ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ነጎድጓድ ነው።

ዛሬም ቀናሁ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይኸው። በእግሯ፣ በፋሻዋ፣ በመስኮት አጠገብ በመቀመጧ ቀናሁ። እንደ ድሮው ግን አይደለም፤ አሁን የሚያቃጥለኝ የራሴ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

አሥር ሰዓት ላይ፣ ትራክተር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ረጅም ቁጥር ነው። ከሄደች ወዲህ ለእኔ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

"ሞተሩን አጥፋውና ስማኝ" አለች። እዚያ ገና ረፋድ ነው። "ማሳ ላይ ነን። ማጨጃቸው ፊት ለፊቴ ነው። ጥያቄዎችህን እየጠየቅኋቸው ነው፤ ስድስተኛው ላይ ደርሻለሁ። የአንተን ማጨጃ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ዙሪያዬን ከበውኛል።"

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። አንድ የወጣት ወንድ ድምፅ ቀረብ ብሎ፣ በአማርኛ፣ "ማን ነው?" አላት። ከሌላ አካባቢ የሄደ ሠልጣኝ መሆን አለበት።

"የማጨጃው ባለቤት ነው" አለችው።

ባለቤቴ ነው አላለችም።

ከትራክተሩ ወርጄ ጭቃው ውስጥ ቆምኩ። ማን ነው እሱ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

"ቢያድግ፣ አለህ?" አለች። "መሐንዲሱ የቢላዋውን ጥርስ ብዛት እየጠየቀኝ ነው።"

አፌን ዘጋሁ።

"ሃያ ሁለት" አልኳት። "መጀመሪያ ሃያ ስድስት አድርጌው ነበር፤ ፍሬውን አራገፈብኝ። ጥፋቱ ከእኔ ነው፣ አበዛሁት። ንገሪው።"